ጡረታ የማይወጣ ሥራ

(በማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ በኩየራ ከተማ የቀረበ ንግግር)




የስብሰባው አዘጋጆች የትርፍ ጊዜ ሥራ በኋለኛው ዕድሜ ስለሚሰጠው ጥቅም እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጥያቄው ወደ እኔ መምጣቱ ተገቢ መስሎ አልታየኝም ነበር። ዕድሜዬ ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። ስለ ጡረታ ለመናገር የሚበቁት በፊት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት አባቶችና እናቶች ናቸው። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ የእኔና የእኩዮቼ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። በስልሳ ዓመት የሚያስፈልገን የትርፍ ጊዜ ሥራ በስልሳ ዓመት የሚጀመር አይደለምና። መጀመር ያለበት በሠላሳና በአርባ ዓመት ነው። ይህንንም የተማርሁት ከአንድ ሰው ነው።

ሥራ በጀመርሁበት መሥሪያ ቤት ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ነበሩ። የውሃ መስመር ዝርጋታን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ የፓምፕን ድምፅ ሰምተው ብቻ ብልሽቱን የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ጎሕ ሲቀድ የሥራው ቦታ ላይ ይገኛሉ፤ ማታ ንድፍ ይዘው ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ቅዳሜና እሑድም ለእሳቸው የሥራ ቀን ነበር። እኛ ጀማሪዎቹ እንደ እሳቸው ለመሆን እንመኝ ነበር። ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው የሽኝት ግብዣ ተደረገላቸው። ጋቢ አለበስናቸው፤ የእጅ ሰዓትም ሸለምናቸው። ከማግስቱ ጀምሮ በዚያ ሰዓት የሚጠብቁት ቀጠሮ እንደሌላቸው ግን ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ መሥሪያ ቤቱ ብቅ እያሉ ከእኛ ጋር ሻይ ይጠጡ ነበር። በኋላ እኛ ሥራ ስለሚበዛብን ዘበኛው ዘንድ ተቀምጠው ይመለሱ ጀመር። አንድ ቀን ወደ ጠረጴዛዬ መጡና የዘረጋሁትን ንድፍ ትክ ብለው ካዩት በኋላ «እስቲ ለአንድ ሌሊት አውሰኝ፤ አይቼው ልመልስልህ» አሉኝ። ንድፉ በማግስቱ የሚላክ መሆኑን ነገርኋቸው። የነገርኋቸው እውነት ነበር፤ ነገር ግን ቅጂውን ልሰጣቸው እችል ነበር። ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ማረፋቸውን ሰማን። የሞታቸውን ምክንያት ሐኪም እንጂ እኔ ልናገር አይገባኝም። በልቅሶው ላይ ባለቤታቸው «ከመሥሪያ ቤት ወጡ እንጂ እቤታቸው አልገቡም ነበር» ሲሉ የሰማሁት ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን «ጡረታ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ቃሉ የመጣው «መጦር» ከሚለው ነው። በባህላችን ጧሪ ማለት ሽማግሌውን የሚያበላ፣ የሚያለብስ፣ ሲታመም የሚያስታምም ነው። ታላላቆቻችን ሲመርቁን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይሉናል። በዛሬው ጊዜ ከዚህ ኃላፊነት ከፊሉን ሕግ ወስዶታል። በ2014 ዓ.ም. የወጡት የመንግሥት ሠራተኞችና የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጆች፣ ቁጥር 1267 እና 1268፣ መደበኛውን የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት አድርገዋል። አበሉ መጠኑ ቢያንስም ቢበዛም አካልን ይጦራል። ይሁን እንጂ በማለዳ «ተነሣ፤ የሚጠብቅህ ጉዳይ አለ» ብሎ ሰውን የሚቀሰቅስ አበል እስካሁን በአዋጅ አልተደነገገም። መንፈስን የሚጦረውን ነገር እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ማዘጋጀት አለበት።

ሁለተኛው መታረም ያለበት አነጋገር «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የሚለው ነው። ማሳለፍ ማለት እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ጊዜ ግን እኛ ባናሳልፈውም ማለፉን አይተውም። በዚሁ አነጋገር ውስጥ «ትርፍ» የሚለው ቃል የተሻለ ምክር ይዟል። በአንድ በኩል ትርፍ ማለት ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ማለት ነው፤ ነጋዴ ግን ትርፍ የሚለው የደከመበትን ውጤት ነው። የትርፍ ጊዜ ሥራ የምንለው በዚህ በሁለተኛው ትርጉም ቢሆን መልካም ነው። ይኸውም ማንም ሳያዝዘን የምንጀምረው፣ ደመወዝ ባይከፈልበትም የማንተወው፣ ዛሬ ካቆምንበት ነገ የምንቀጥለው ሥራ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዋነኛው የመጨረሻው ነው። ቴሌቪዥን ማየት ያሳርፍ ይሆናል፤ ለነገ የሚያስቀምጥልን ያልተጨረሰ ሥራ ግን የለውም።

ይህን የምለው ከስሜት ብቻ ተነሥቼ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 93,263 ሰዎችን በ16 አገሮች ተከታትሏል። የትርፍ ጊዜ ሥራ ያላቸው ሰዎች የድብርት ምልክት ያነሰባቸው፣ በኑሯቸውም ይበልጥ የሚረኩ ሆነው ተገኝተዋል። ከዚያ ቀደም ሲል በ2003 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ታትሞ ነበር። በዚያም ጥናት የሚያነቡ፣ በገበታ ላይ የሚጫወቱ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሚመቱና የሚጨፍሩ ሰዎች የመርሳት በሽታ ያገኛቸው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነው። እኛ መሐንዲሶች ቁጥር ስናይ መጠንቀቅ ልማዳችን ነውና እዚህም ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ሥራው ጤና ሰጥቷቸው ይሆናል፤ ወይም ጤነኞች በመሆናቸው ለሥራው በቅተው ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ይህን ለመለየት ጥረት ቢያደርጉም ሁለቱን ፈጽሞ መነጣጠል አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ገበጣ ሲጫወቱ የሚውሉ ሽማግሌዎች ጊዜ የሚያባክኑ ይመስለን ከነበረ፣ አስተያየታችንን ለማረም ይህ መረጃ በቂ ነው።

ከአገራችን ሰዎች ሁለት ምሳሌዎችን ላንሣ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ። እንጀራቸው በመንግሥት ሥራ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። ድርሰት ከዚያ ሥራ ጎን ለጎን የያዙት ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹን አጋምሶ ነበር። ሥልጣኑ ከቀረ በኋላ ግን ብዕሩ አልቀረም። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980፣ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ታተሙ። ስናሰላው በ72፣ በ78 እና በ83 ዓመታቸው መሆኑ ነው። ሹመት የሰጣቸው መንግሥት ሁሉ ቢያልፍም ያልተጨረሰ ምዕራፍ በጠረጴዛቸው ላይ ይጠብቃቸው ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1923 እ.ኤ.አ. ተወልደው በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ሙዚቃ ተማሩ። ከመነኰሱ በኋላ ፒያኖ መተዳደሪያቸው አልነበረም። ሆኖም በኢየሩሳሌም ገዳም ሲኖሩም አልተለዩትም። ሥራቸውን በዓለም ዙሪያ ያሳወቀው «ኤትዮፒክ» የተባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ልብ ማለት የሚገባን ዝናው በሰማንያዎቹ መምጣቱን ብቻ አይደለም። ጣቶቻቸው ፒያኖውን የለመዱት በልጅነት መሆኑን ጭምር ነው።

ከውጭው ዓለም ብንጨምር፣ የደልፍት ከተማው ሌቨንሁክ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሌንስ እየሳለ በዓይን የማይታዩ ሕያዋንን መመርመር የጀመረው በግል ፍላጎቱ ነው። በ1723 እ.ኤ.አ. በ90 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ደብዳቤ መላኩን አላቋረጠም። አሜሪካዊቷ ገበሬ አና ሜሪ ሮበርትሰን ሞዝስ ደግሞ ጥልፍ ይወዱ ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመም መርፌ መያዝ ሲከለክላቸው፣ በሰባዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻ ላይ ብሩሽ አነሡ። እስከ 101 ዓመታቸው ኖረው ዝነኛ ሠዓሊ ሆኑ። ዘግይተው ጀመሩ እንዳንል ለጥልፍ የሠለጠነ ዓይንና እጅ አስቀድሞ ነበራቸው። የለወጡት መሣሪያውን ነው።

ለምሳሌ ግን ባሕር መሻገር አያስፈልግም። እናቶቻችንን እንመልከት። እናት ዓይኗ እስካየ ድረስ እንዝርቷን ታሾራለች፤ ስፌቷን ትሰፋለች፤ ቡናዋን አፍልታ ጎረቤት ትጠራለች። ለእርሷ የሽኝት ግብዣ ተደርጎላት አያውቅም፤ ከሥራዋ ያሰናበታትም የለም። የደመወዝተኛው አባት ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራውና ማንነቱ አንድ ስለሆኑበት፣ አንዱ ሲወሰድ ሌላው አብሮ ይሄዳል። ዛሬ ሴቶች እኅቶቻችንም በቢሮና በግንባታ ቦታ እንደኛው ውለው ያድራሉና ችግሩ እነርሱንም እንዳያገኛቸው ያሠጋል።

የምንሰበሰብበት አካባቢ ባህልም በዚህ ረገድ የሚያስተምረን አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ በተመዘገበው የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት፣ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። ሥልጣኑን ያስረከበው ትውልድ ግን ወደ ባዶ ቤት አይሸኝም። ወደ ዩባ ደረጃ አልፎ መካሪ ይሆናል። ማለት ከእያንዳንዱ ዕድሜ በስተጀርባ ሌላ ኃላፊነት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የደመወዝ ሥራ እንዲህ ያለ ቀጣይ ደረጃ ስላላበጀልን፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን ዩባ ማበጀት ይኖርብናል።

ኩየራም ራሷ በትምህርት ቤቷ የታወቀች ከተማ ናት። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚህ ትምህርት ቤት የተከሉት አድቬንቲስቶች ሁለት ነገር አጥብቀው ያስተምራሉ። አንደኛው የአእምሮ ትምህርት ከእጅ ሥራ ጋር እንዲጣመር ነው። ሁለተኛው በሳምንት አንድ ቀን ሥራን አስቀምጦ ማረፍ ነው። እምነታቸው የእኛ ቢሆንም ባይሆንም፣ ከመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ነገሩ ትልቅ ብልሃት አለው። በየሰባቱ ቀን ሥራውን አስቀምጦ ሌላ ሰው መሆን የለመደ፣ ጡረታን በየሳምንቱ ተለማምዷል ማለት ይቻላልና። ጋሼ ያጡት ይህን ልምምድ ነበር።

ስለ ልምምድ ካነሣሁ ዘንድ ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ላስረዳ። ተጠባባቂ ጄኔሬተር የገዛ መሥሪያ ቤት መብራት እስኪጠፋ ድረስ ዘግቶ አያስቀምጠውም። በየሳምንቱ ያስነሣዋል፤ ጭነትም ያሸክመዋል። እንዲህ ካልተደረገ ባትሪው ይደክማል፤ ነዳጁ ይበላሻል፤ የተፈለገ ዕለት ቁልፉ ቢጫንም አይነሣም። የትርፍ ጊዜ ሥራም እንደዚሁ ነው። ዋናው መስመር ኃይል እየሰጠን ሳለ፣ በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ልናስነሣው ይገባል። «ጡረታ ስወጣ አትክልት እተክላለሁ፤ ጡረታ ስወጣ እጽፋለሁ» የሚል ሰው ጄኔሬተሩን ከነካርቶኑ ያስቀመጠ ሰው ነው።

ለዚህ ደግሞ የጋሼ ተቃራኒ የሆኑ አንድ ሰው አውቃለሁ። በዚሁ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ሠላሳዎቹን ሳያልፉ አንድ ባህላዊ ቀፎ ግራር ላይ ሰቀሉ። መጀመሪያ ንቦቹ ጥለዋቸው ሄዱ። ደግመው ሰቀሉ። ለመስክ በወጡ ቁጥር የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር እንደሚያብብ ከቅየሳው መዝገብ ጎን በሌላ ደብተር ይጽፉ ነበር። ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈካ ከእሳቸው ይልቅ ሥራ የሚበዛበት ሰው በመንደሩ የለም። የጎረቤት ልጆች ስለ ንብ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ስለ ጡረታቸው ብጠይቃቸው ሣቁና «ንብ እኮ የጡረታ ደብዳቤ አታነብም» አሉኝ።

የሁለቱ ሰዎች ልዩነት በዚህች ቃል ውስጥ ይገኛል። ጋሼ የሚፈልጉት ነገር ሁሉ በሌላ ሰው ጥሪ ላይ የቆመ ነበር። ንድፍ የሚሰጣቸው ሲጠፋ ሥራቸው ጠፋ። ቀያሹን ግን የሚጠራቸው አበባው ነው። ስለሆነም ለጡረተኞቻችን ንድፍ ማሳየትና ምክር መጠየቅ የእኛ የታናሾች ግዴታ ቢሆንም፣ ማንም በእኛ ትዝታ ላይ ብቻ ተደግፎ ማርጀት የለበትም። ትዝታችን ምን ያህል አጭር እንደሆነ ከራሴ አይቻለሁ።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «የጡረታ አበል ለምግብም አይበቃ፤ የትርፍ ጊዜ ሥራ የባለጠጋ ነገር ነው» የሚል ነው። ኑሮ መክበዱን አልክድም፤ ችግረኛውንም በትርፍ ጊዜ ሥራ ተጽናና ማለት ስድብ ይሆናል። ነገር ግን ብዙው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚህ ተነሥተን በአስፋልቱ ወደ ሰሜን ብንሄድ፣ አርሲ ነገሌን አልፈን የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ እንደርሳለን። ፍላሚንጎና ይብራ ለማየት ሰዎች ከሩቅ አገር ወደዚያ ይመጣሉ። በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ ይቆጠራሉ፤ ይህ ቆጠራ የተጀመረው በ1967 እ.ኤ.አ. ሲሆን የሚከናወነውም በብዙ በጎ ፈቃደኞች ነው። በአገራችንም በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ ይታወቃል። የአቢጃታ ሐይቅ ውሃው ምን ያህል እየሸሸ እንደሄደ በአካባቢው የኖረ ሁሉ ያውቃል። አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ ደብተርና እርሳስ ይዞ በየወሩ የውሃውን ዳርቻ ቢለካ፣ ያየውንም ወፍ ቢመዘግብ፣ ለራሱ የማለዳ ቀጠሮ አገኘ፤ ለአገሩም መረጃ አተረፈ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእኔ እኩዮች የሚያነሡት ነው። «ጊዜ የለንም» እንላለን። እኔም እንዲሁ እል ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጄ ጓደኛውን ስለ አባቱ ሲጠይቀው ሰማሁ። የጓደኛው አባት ክራር ይመታል። ልጄ ስለ እኔ ሲጠየቅ ጥቂት አሰበና «አባቴ ስልክ ያናግራል» አለ። በዚያች ቀን ጋሼ ትዝ አሉኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ የእሳቸውን መንገድ ግማሽ ያህል መጓዜን አወቅሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አንድ አባል ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላው ስለ አበሉ ስሌት ብቻ ሳይሆን ከስልሳ በኋላ ጠዋት ምን ይዞ እንደሚነሣ የሚጠይቀው የሥራ ባልደረባ ይመደብለት። ሁለተኛ፣ ቅርንጫፎቻችን አንድ አንድ ክፍል ለይተው የአናጺ መሣሪያ፣ ጥቂት መጻሕፍትና የገበጣ ሰሌዳ ያስቀምጡበት። ጡረተኛውና ጀማሪው እዚያ ይገናኙ። ከጡረተኛው ጋር ስንገናኝ ግን የምንጠይቀው የድሮውን ሥራ ብቻ አይሁን፤ አሁን የያዘውን አዲሱን ሥራም እንጠይቀው። ሦስተኛ፣ ለሽኝት የምንሰጠው ስጦታ ይታሰብበት። ሰውየው የሚወደውን አውቀን ቀፎ፣ ችግኝ፣ ክራር ወይም መጋዝ ብንሰጠው ከሰዓት ይሻላል። የሚወደውን ሳናውቅ ሠላሳ ዓመት አብረነው ሠርተን ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የጋራችን ነው።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ስለ ራሴ አንድ ቃል ልጨምር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኬን ዘግቼ እንጨት እሠራለሁ። እስካሁን የጨረስሁት አንድ በርጩማ ነው፤ እሱም በሦስት እግሩ እኩል አይቆምም። ልጄ ግን ለጓደኛው ሲያሳየው አይቻለሁ። ሁለተኛውን ጀምሬዋለሁ። ስልሳ ዓመት ሲሞላኝ ከመሥሪያ ቤት ስወጣ፣ ግማሽ የደረሰ አንድ ሥራ በቤቴ እንዲጠብቀኝ እመኛለሁ። ለጋሼ የነፈግኋቸውን ቅጂ አሁን ልሰጣቸው አልችልም። ከእሳቸው የተማርሁትን ግን ለእናንተ ማካፈል እችላለሁና፣ ይኸው አካፈልኋችሁ።